ብርድ ከላይ ይወርዳል

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ልጅቱ አልጮኸችም፤ ጸጉሯን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ የጠቆረውን ስክሪን ዝም ብላ አየችው። የጮኸው አባቷ ነው፤ ያውም ከበረንዳ ሆኖ።

"ጠፋ? አሁንም ጠፋ? ኧረ ተናገሪ እንጂ!"

ይህን ሰውዬ ሰፈሩ "ጋሽ በረዶ" ይለዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን፣ የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሲተክል፣ የአይስክሬም ማሽን ሲያስታምም የኖረ ሰው ነውና ስሙ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ታዲያ ሥራው በረዶ ይሁን እንጂ ጠባዩ እሳት ነው። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቁጭ ብድግ፣ ወጣ ገባ፣ ሲበላ እንኳ ግማሽ ፊቱ ወደ በሩ ነው። በሠርጋቸው ቀን ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ "እባክህ ቀጥ በል" ብሎት አራተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ አነሳውና፣ ሳሎን በተሰቀለው ፎቶ ላይ ሙሽራዋ ቁልጭ ብላ ስትታይ ሙሽራው ጭስ መስሏል። እኛም አንቱ እያልን ከተከተልነው አንደርስበትም፤ በረዶ ብለን አንተ እንበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ገና ያልተሠራ ሕንፃን የተሠራ አስመስላ የምታሳይ ባለሙያ ናት። መሐንዲሶች በወረቀት የነደፉትን ትወስድና ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ በመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ ሳይቀር በኮምፒውተር ሠርታ፣ ሰው ውስጡ እየተራመደ የሚያየው እስኪመስለው ድረስ ፊልም ታደርገዋለች። በአውቶብስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ከተማ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት የሆስፒታል ንድፍ ልኮላት፣ "የአራት ደቂቃ ፊልም አድርገሽ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከላክሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ሰኞ ትጀምሪያለሽ" ብሏታል። አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ግን ወረፋ ይዞ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጡታል። ከላከች ትሄዳለች፤ ካልላከች ትቀራለች። ይኸው ነው።

እናትየው ገና ከመጀመሪያው "ትሂድ!" ብላለች። አባትየው ግን ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ትሂድም አትሂድም አላለ። "ምን ትላለህ?" ሲሉት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ትዝ ይለዋል፤ ሲጥ ሲጥ የሚል በር አግኝቶ ዘይት ሊቀባ ይነሳል። ብቸኛ ልጁ ናት። ቤቱ ያለሷ ምን እንደሚመስል ባሰበ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፤ ይህን ደግሞ ለሚስቱም አልተናገረ።

እንግዲህ ሰውዬው በዚህ ሆዱ ነው እየተንደረደረ ወደ ክፍሏ የገባው። ክፍሏ ከጓሮ በኩል የተቀጠለች፣ ቆርቆሮ የለበሰች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ያረጀ ሶፋ የያዘች ጠባብ ክፍል ናት።

"ምን ሆንኩ ይላል?" አለ በረዶ፣ ኮምፒውተሩን እንደ በሽተኛ ጎንበስ ብሎ እያየ።

"ይሞቃል፣ አባዬ። ፕሮሰሰሩ ይሞቃል። መቶ ዲግሪ ሊሞላ ሲል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።"

"ፕሮሰሰሩ ደሞ የቱ ነው?"

"አንጎሉ በለው። ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ስድስት ሺህ ምስል አንድ በአንድ መሣል አለበት፤ ሁለት ሺህ ይቀረዋል። ሳይጠፋ ከሠራ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል። እንዲህ እየጠፋ ከሆነ ግን..."

"ጠጋኙስ?"

"ነገ እመጣለሁ አለኝ።"

"ነገ! ነገማ እኔም ወጣት እሆናለሁ!"

"ይሞቃል" የምትለዋን ቃል ሲሰማ የበረዶ ደም ፈልቷል። ሙቀት የግል ጠላቱ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ከየሰው ቤት፣ ከየሆቴሉ ጓዳ ሲያባርረው ኖሮ፣ ዛሬ ደፍሮ የገዛ ቤቱ ገብቶ፣ ያውም የልጁ ጠረጴዛ ላይ!

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ የፍሪጅ ነህ እኮ፣ አባዬ።"

"ፍሪጅ ምን የሚሠራ ይመስልሻል? ብርድ? ብርድ የሚባል ነገር የለም! ያለው ሙቀት ነው። የኛ ሥራ ሙቀቱን ከዚህ አንስቶ እዚያ መጣል ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ይሄም ያው ነው። ክፈቺልኝ!"

የጎኑ ክዳን ተፈታ። ፕሮሰሰሩ አይታይም፤ በላዩ የተደራረበ ስስ ብረትና በብረቱ ላይ አንድ ማራገቢያ ተቀምጦበታል። ሙቀቱ ወደ ብረቱ ይወጣል፣ ማራገቢያው ያባርረዋል፤ በረዶ ይህን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገውም። የብረቱ መሃል ግን በአቧራ ተደፍኖ ጥጥ መስሏል።

"ወይ ጉድ! በዚህ ትራስ ይሞላል እኮ! ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሩጥ ሲሉት እንዴት አይሞቀው!"

በቀለም ብሩሽ አጸዳው። ማራገቢያውን ከነብረቱ ነቅሎ ሲያነሳ ከሥሩ ያለው ቅባት እንደ ክረምት ማግስት ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ልጅቱ የቅባቱን ስም ስልኳ ላይ እያነበበች "አየህ፣ ፓስታው ደርቋል" አለች።

"ምን ይደርቃል!" አለች እናቷ ከወጥ ቤት። "ገና አሁን አይደል እንዴ ውኃ የጣድኩት!"

ልጅቱ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። በረዶ ግን ሳቅ አልሰማም፤ መሣሪያ ሣጥኑን እየበረበረ ነበር። የፍሪጅ ሙቀት መለኪያ ቱቦው ላይ ሲታሰር የሚቀባ ነጭ ቅባት አለው፤ ሥራው አንድ ነው፣ በሁለት ብረት መሃል አየር እንዳይገባ ማድረግ። አሮጌውን ጠርጎ የሩዝ ፍሬ ታህል ጠብ አድርጎ፣ ብረቱን መልሶ አሰረው። "ሙያ በልብ ነው" እያለ ማንም ሳይጠይቀው ለራሱ ያወራል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በራ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሙቀቱን የምታሳይ ትንሽ ቁጥር አለች። ሰባ ሆነች፣ ሰባ ስምንት ሆነች፣ ሰማንያ ሁለት ላይ ደርሳ ቆመች። አንዱ ምስል በአሥራ አንድ ሴኮንድ ያልቃል፣ ቀጣዩ ይተካል።

"እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!" አለች ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ። በረዶ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ያለው በምን እንደሆነ ትዝ አለው። ለመሄጃዋ መንገድ እየጠረገ ነው እኮ! ተነስቶ ወጣ፤ ያለ ምንም ምክንያት የግቢውን በር ከፍቶ ዘጋ።

ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ፤ ክፍሏ ምድጃ ሆነች። ቁጥሯ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና ስድስት አለች። መስኮት ከፈቱ፤ የገባው የባሰ ሙቀት ነው። የሳሎኑን ማራገቢያ አመጡ፤ ሙቀቱን ከግድግዳ ግድግዳ ከማመላለስ በቀር የፈየደው የለም። ኮምፒውተሩ አሁን አልጠፋም፤ ግን ራሱን ለማዳን እግሩን መጎተት ጀመረ። በአሥራ አንድ ሴኮንድ ያልቅ የነበረው ምስል ሃያ አምስት ሴኮንድ ፈጀ።

ልጅቱ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈች አሰላችው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ ምስል ይቀራል።

"በዚህ አካሄድ የሚያልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ። "በቃ፣ አልሆነም።"

በረዶ ወደ ጓሮ ወጣ። በቃ። ፀሐይዋ ጨረሰችለት። እሱ እኮ የሚቻለውን አድርጓል፤ ጠርጓል፣ ቀብቷል፣ ማንም ጣቱን አይቀስርበትም። ሰኞ ጠዋት ልጁ እዚሁ ናት፤ "አባዬ፣ ፎጣዬን አየህ?" እያለች ከክፍሏ ትወጣለች። ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው፤ ልብ እንደሆነች ፈቃድ ጠይቃ አትደሰትም። ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ አያት። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋለች። አንጀቱን በላችው። ራሱን "አንተ የማትረባ!" ብሎ ሰደበና ጓሮ ጥግ ወዳለው ሸራ ተንደረደረ።

ሸራው ሥር የተኛው የድሮ ሱቁ መሞከሪያ ነው። ጎማ ባለው ብረት ላይ የተቀመጠ ኮምፕረሰር፣ የፍሪጅ ሞተር የሚባለው፤ ከሱ በሁለት የመዳብ ቱቦ የተያያዘ፣ ከፍ ባለ ብረት ላይ የተሰቀለ፣ ብርዱን የሚሰጥ የተጠማዘዘ ቱቦ፣ ኮይል፤ ከኮይሉ ጀርባ ማራገቢያ። ረዳቶቹን ሁሉ ያስተማረው በሱ ነው። ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ሚስቱ "ይሄን ብረት ለቆራሌው ስጠው" ብላ ያልለመነችበት ቀን የለም።

"አንተ ሰውዬ! ይሄን ሬሳ ወዴት ነው የምትገፋው?" አለች አሁንም፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

"ሬሳ አይደለም፤ ተኝቶ ነው!"

"ቀስ በል ታዲያ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ማን ይሰማታል! በረዶ ገፍቶ አስገባው። ኮምፒውተሩን በጎኑ አጋድሞ ሆዱ ወደ ላይ እንዲከፈት አደረገው፤ ኮይሉን ከላዩ፣ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ ደገነው።

"በጎኑ ብናደርገውስ፣ አባዬ?" አለች ልጅቱ።

"የፍሪጅ በረዶ ቤት የት ነው?"

"ከላይ።"

"ለምን? ብርድ ከላይ ይወርዳላ! ሙቀት ይወጣል፣ ብርድ ይወርዳል። አሁን አታስተምሪኝ።"

እውነቱን ነው፤ ብርድ ከላይ ይወርዳል። ሌላ ሰው ቢሆን በጎኑ አድርጎት ያርፍ ነበር፤ ከላይ ለመስቀል በረዶን መሆን ያስፈልጋል። ሰው በሚያውቀው ነገር ነው የሚሳሳተው፤ በማያውቀውማ ይጠይቃል።

ኮምፕረሰሩ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ። ኮይሉ በረዶ ለብሶ ነጣ። ከላይ የወረደው ብርድ የልጅቱን የክንድ ጸጉር አቆመው። ቁጥሯ ዘጠና ስድስት የነበረችው ሰማንያ፣ ሰባ፣ ስድሳ ሁለት አለች። አሥራ አንድ ሴኮንድ፣ አንድ ምስል። አሥራ አንድ ሴኮንድ፣ አንድ ምስል። አሥር ሰዓት ገደማ ያልቃል ማለት ነው።

እናትየው የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "በል እንግዲህ፣ በረዶነትህን ያየን ዛሬ ነው" ብላው ሄደች።

ልጅቱ ሁለት ሌሊት ዓይኗን አልጨፈነችም። ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

"አባዬ፣ ትንሽ ልተኛ። ቁጥሯን እያት። ዘጠና ካለፈች ቀስቅሰኝ።"

"ተኚ፣ ተኚ። እኔ አለሁ አይደል!"

አለ እንግዲህ፤ መኖሩንስ አለ። ተቀመጠ፣ ተነሳ። ኮምፕረሰሩን ነካ፣ ቱቦውን ዳሰሰ፣ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ላይ የሆስፒታሉ መተላለፊያ አንድ በአንድ እየተሣለ ያልፋል። ረጅም ነው፤ በመስኮቶቹ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ግድግዳው ሥር የልጆች ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ትንሽ ዞር ብሏል፣ አሁን ገና ልጅ የተነሳበት ይመስላል። ያን ወንበር እንዲያ ያዞረችው ልጁ ናት። መሐንዲስ እንዲህ ያለ ነገር አይነድፍም። በረዶ አፉን በእጁ ያዘ። እንዲህ የምታውቅ ልጅ በዚህች ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ምን ታደርጋለች? ወዲያው ደግሞ፣ ሌላ ከተማ ሄዳ ትታመም ይሆናል፣ ማን አላት፣ ማን ውኃ ያቀብላታል? ሁለቱ ሐሳቦች እየተፈራረቁ ናጡት።

ጠብ!

ቀና አለ። ኮይሉ አልቦታል። ሙቁ አየር የነካው በረዶ እየቀለጠ ወደ አንድ ጥግ ይንሸራተትና፣ ከጥጉ ጫፍ ተንጠልጥሎ ያብጣል። የመጀመሪያዋ ጠብታ የወደቀችው የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ነው፤ ሁለት ጣት ብትቀርብ ኖሮ የውስጡ ሰሌዳ ላይ፣ ሽቦው መሃል ነበረች። ውኃና መብራት!

ሣህኑ! ከኮይሉ ሥር የሚቀመጠው የውኃ ሣህን! ስንት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ረዳት በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር፤ "ብርድ ባለበት ላብ አለ፤ ከላቡ ሥር ሣህን።" ጨቅላ የሚያውቀውን! ሣህኑ ጓሮ አበባ ተተክሎበታል። በጥድፊያው አንዴም ትዝ አላለው።

ሁለተኛዋ ጠብታ ማበጥ ጀመረች። በረዶ አያት።

አሁን የምነግራችሁን ሰውዬው ራሱ ነው የተናገረው፤ እኔ አልጨመርኩም። እጁ አልተነሳም። እግሩ፣ ያ አንድ ቦታ የማይረጋው እግሩ፣ ወለሉ ላይ ተተከለ። አንዲት ጠብታ ናት። ማን ይጠይቀዋል? "አላየሁም" ቢል ማን ሐሰት ይለዋል? ከብርድ የወረደ ውኃ ነው፤ የሰው እጅ የለበትም። ልጁ ትንሽ ታለቅሳለች፤ ልቅሶ ያልፋል። ትቀራለች።

ጠብታዋ ወደቀች። የማራገቢያው ጫፍ አገኛትና በትናትኖ አየር ላይ በተናት። ስክሪኑ አልጠፋም። ቁጥሯ ስድሳ አንድ።

ሦስተኛዋ መጣች። ይቺኛዋ ትልቅ ናት፤ ከጥጉ ትንሽ ወደ ውስጥ ተንሸራታ፣ ማራገቢያው ከማይደርስበት፣ ከሰሌዳው ራስ በላይ ተንጠለጠለች። ይቺ አትስትም። አበጠች፣ ረዘመች፣ ተንቀጠቀጠች።

እጁ ሄደ። አላዘዘውም፤ ሄደ። ጠብታዋ መዳፉ ላይ አረፈች፤ እንዴት ትቀዘቅዛለች!

ከዚያ በኋላ ተያዘ። ኮምፕረሰሩን ቢያጠፋ በረዶው በአንዴ ቀልጦ ይዘንባል። ኮይሉን ቢገፋው ያረጀው ቱቦ ይሰበራል፤ ባይሰበርም ሲነቃነቅ የተንጠለጠለው ሁሉ ይረግፋል። ኮምፒውተሩን ቢጎትተው ከብርዱ ይወጣል፤ ሣህን ሊያመጣ ቢሄድ ጠብታው አይጠብቀውም። ልጅቱን ይቀስቅሳት? "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያንጠባጥበው?" ብትለውስ? ምን ይላታል? ዝም ብሎ በርከክ አለና መዳፉን እንደ ሣህን አድርጎ ያዘ። ሲሞላ ሌላውን እጁን ይተካና የሞላውን ሱሪው ላይ ያፈሳል።

እንዲህ እያለ ሃምሳ ደቂቃ! ያ ለሠርጉ ፎቶ መቆም ያቃተው ሰውዬ! መጀመሪያ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ከዚያ ክንዱን ጨመደደው፤ ከዚያ ትከሻው ነደደ። አፍንጫው ላይ ዝንብ አረፈች፤ እፍ ብሎ አባረራት፣ ተመለሰች፣ ሰደባት። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። ጉልበቱ "ተነስ" ይለዋል፣ መላ አካሉ "ተነስ" ይለዋል። ሰው ለልጁ ጠብ እርግፍ ይላል ሲባል ሰምቷል፤ ጠብ የሚለውን ሲለቅም መዋል እንደሆነ ግን ያወቀው ዛሬ ነው። ደግሞ ከድካሙ ሁሉ የከፋው ያቺ ሁለተኛዋ ጠብታ ናት። ቢሄድ ቢሄድ ከሷ አላለፈም። አየኋት፣ ተውኳት፣ አየኋት፣ ተውኳት።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ጢን አለ። ስድስት ሺህ። አለቀ።

ልጅቱ ብድግ አለች፤ ዓይኗን እንኳ አላሸችም። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ሮጣ ከወጥ ቤት የልብስ ማጠቢያ ሣህን አመጣችና ከእጁ ሥር አስገባች፤ እሱ እጁን ሲስብ እሷ ኮምፒውተሩን ቀስ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ዳር ጎተተችው። ኮምፕረሰሩን አጠፉ። ክፍሏ ጭር አለች። በረዶ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹ ሰማያዊ መስለዋል።

ምስሎቹን ፊልም አድርጋ ገጣጠመች፣ ከዳር እስከ ዳር አየችው፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለመላክ አዘጋጀችው። አሁን የቀረው አንዲት መጫን ናት። ጣቷ ማውሱ ላይ ነው።

"ቆይ" አለ በረዶ። "የምነግርሽ አለ። ሳትልኪ ስሚኝ።"

ጠበቀችው።

"ሁለት ጠብታ አሳልፌያለሁ። የመጀመሪያዋ ሳላያት ወደቀች። ሁለተኛዋን ግን እያየሁ ነው፤ ሆን ብዬ ነው። እንዲቃጠል ነው። እንዳትሄጂ።"

ልጅቱ ፊቷን ከስክሪኑ አላዞረችም። "አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን ነው የምታውቂው? ተኝተሽ አልነበር እንዴ!"

"የመጀመሪያዋ ስትወድቅ በድምፅዋ ነቃሁ። ሁለተኛዋን አብረን ነው ያየናት፣ አባዬ።"

በረዶ ከግድግዳው ተላቆ ቀና አለ።

"እና ለምን አልጮህሽም?"

"አንተ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ።" ጣቷን ከማውሱ አነሳች። "ከተቃጠለ በቃ፣ መሄዴ ቀረ ማለት ነው፤ ፈራሁ ብዬ መናገርም አይኖርብኝ። ማንንም አላውቅም እዚያ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን 'አትሂጂ' ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ከዚያ እጅህን ዘረጋህ። ዓይኔን ጨፈንኩ።"

ሰውዬው ከተቀመጠበት እንደ ተኩስ ተነሳ።

"ምን ዓይነት ልጅ ናት! ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሽበት ሥራ ሲቃጠል ተኝተሽ ልታዪ?"

"አንተስ?"

"እኔ አባት ነኝ! የኔ ሌላ ነው! ላኪው! አሁኑኑ ላኪው!"

"ከላክሁት ሰኞ እዚያ ነኝ።"

"ላኪው አልኩሽ እንጂ ሂጂ መች አልኩሽ!"

ልጅቱ ዞር ብላ አየችው። ሳቋ መጣ፤ ሊወጣ ሲል ወደ ልቅሶ ዞረ። በረዶም ያለውን ነገር ገና አሁን ሰማው። ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና የደነዘዘ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ቅዝቃዜው በልብሷ አልፎ ሰቀጠጣት፤ ግን እጁን ከትከሻዋ አላወረደችውም።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለ። "ሁለታችንም ፈርተን አንድ ቤት ከምንቀመጥ፣ አንቺ ሂጂ። እየፈራሽ ሂጂ። እኔ እዚሁ ሆኜ እፈራልሻለሁ።"

ጫነችው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየሞላ ሄደ፤ ሁለቱም እስከ ጫፉ በዓይናቸው ተከተሉት።

እናትየው ስትመለስ ሁለቱም ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው ዓይናቸው ቀልቶ አገኘቻቸው። ሣህኑን አየች፣ ወለሉ ላይ ያለውን ውኃ አየች፣ ደረቷን ያዘች።

"ወይኔ ልጄን! ተቃጠለ?"

"አልተቃጠለም" አለ በረዶ። "ሄደ።" ሣህኑን አነሳና ውኃውን ሊደፋ ወደ ጓሮ ወጣ።